ሙታን ምን ያስቸኩላቸዋል

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ጎተራ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የኔትወርክ ሠራተኛው ነው፤ እሱ ራሱ «ሽቦ» ስለሚባል ማንም ማንንም አይቀየምም። ጎተራ የተባለችው የሆስፒታሉን ዳታቤዝ ስለምትጠብቅ ብቻ አይደለም። አንዴ የገባባት ነገር አይወጣም፤ ሐሜትም ቢሆን፣ ቂምም ቢሆን፣ ሐዘንም ቢሆን። ባሏ ሲሞት ሰው ሁሉ ደረቷን ትደቃለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። የሐዘን ፈቃዷ እንኳ ሳያልቅ ሥራ ገባች።

ባሏ የሞተው እዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ከእሷ ቢሮ በታች ባለው ወለል፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል፣ መስኮቱ ጥግ ያለው አልጋ ላይ። የእጥበት ማሽኖቹ ሲሠሩ ጉርምርምታቸው ኮንክሪቱን አልፎ በጫማዋ ሶል በኩል ይሰማታል። ሌሎቹ ሠራተኞች ምንም አይሰማንም ይላሉ። እሷ ግን አንዳንድ ቀን ከማሽኖቹ መካከል የእሱን ለይታ የሰማች ይመስላትና እግሯን ከወለሉ አንሥታ ትቀመጣለች። በዋናው ደረጃ ብትወጣ የዚያን ክፍል በር ማለፍ አለባት። ስለዚህ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትወጣውም የምትወርደውም ቆሻሻ በሚወርድበት በጓሮው ደረጃ ነው።

ቤት ደግሞ አማቷ አሉ። እሷና ባሏ ልጅ ስላልነበራቸው እሱ ሲሄድ ቤቱ የቀረው ለሁለት ሴቶች ነው፤ ለእሷና ለእናቱ። ከቀብሩ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ምሽት አማቷ ሶፋው ላይ ካሸለቡበት ብንን ብለው «ልጄ ዛሬ አልመጣም?» አሏት። «እማማ፣ ሞቷል እኮ» አለቻቸው፤ ሌላ ምን ትበል። አሮጊቷ አዲስ መርዶ እንደሰማ ሰው ጮኹ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በስንት ልመና ዝም አሰኛቸው።

በማግስቱም አመሻሹ ላይ ያንኑ ጠየቁ፤ «ልጄ አልመጣም?» በዚህን ጊዜ ጎተራ ሳታስበው «ሥራ ላይ ነው እማማ፣ ያመሻል» አለች። «እንግዲያ እራቱን ከድኚለት» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ጥያቄውም መልሱም ሳይዛነፍ ይኸው ሆነ። እራቱ ይከደናል፤ ጠዋት እሷ በምሳ ዕቃ አድርጋ ቢሮ ወስዳ ትበላዋለች። ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም፤ የሞተ ሰው እራት በየቀኑ ምሳዋ ሆነ። አማቷ በእርጅና ዘነጉ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል ብላ ተቀብላዋለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኚህ ሴት የልጃቸውን ሞት ሌላ ጊዜ እንደ አዲስ እንዳይሰሙ። ያንን ጩኸት መድገም እሳቸውም አይችሉ፣ እሷም አትችል።

የመጠባበቂያው ጉዳይ የተነሣው በዚህ መሐል ነው። መጠባበቂያ ማለት ዋናው ዳታቤዝ ቢበላሽ የሚተካው ቅጂ ነው። በየቀኑ ይወሰዳል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እንደ አንዳንድ ዘመድ የሚታወሰው ሲቸግር ብቻ ነው። ጥያቄው ቅጂው በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጥ የሚል ነበር። አለቃው ለዚህ ኮሚቴ አቋቋሙ። እኚህ ሰው የሻይ ኩባያ ቢሰበርም ኮሚቴ ያቋቁማሉ።

የቀድሞው ቅጂ አንድ ረጅም የጽሑፍ ፋይል ነበር። ከላይ እስከ ታች በዓይን ይነበባል፤ ነገር ግን ሲመለስ እንዳለ ነው፣ ከአናቱ እስከ ግርጌው። ቤት ሲቀየር ዕቃ ሁሉ በአንድ መኪና ላይ ከተቆለለ፣ ድስቱን ለማግኘት አልጋው መውረድ አለበት። አዲሱ ደግሞ የታመቀ እሽግ ነው። በዓይን አይነበብም፤ ግን ማውጫ አለው። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ በየካርቶኑ ገብቶ ስሙ ተጽፎበታል እንደ ማለት ነው፤ የሚፈለገውን አስቀድሞ ማውረድ፣ የቀረውን ማቆየት ይቻላል።

ሽቦ የአሮጌው ወገን ሆነ። «እኔ የማምነው ዓይኔ የሚያነበውን ነው» አለ። «ይኼ እሽግሽ ተበላሽቶ ቢገኝ ምኑን ታነቢዋለሽ?»

«በየጊዜው ሌላ ማሽን ላይ መልሼ እሞክረዋለሁ። አንተ ያንን ጽሑፍህን መቼ አንብበኸው ታውቃለህ?»

«አላነበብኩትም። ግን ማንበብ እችላለሁ።»

ኮሚቴው ሳቀ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተበተነ። ከብዙ ስብሰባ በኋላ የጎተራ ሐሳብ አለፈ። አለቃው ፈርመው ሲሰጧት «ብቻ ጉድ እንዳታደርጊን» አሏት።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሰርቨሩ ዲስክ ተቃጠለ። ሐኪሞች የታማሚ ታሪክ ማየት አቃታቸው፣ መድኃኒት ቤቱ ቆመ፣ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ እስከ ውጭ በር ደረሰ። ጎተራ አዲስ ማሽን አስነሥታ የመጨረሻውን መጠባበቂያ ከፈተች። መጀመሪያ የሰንጠረዦቹን ባዶ ቅርጽ በሙሉ መለሰች፤ እሱ ቀላል ነው። ጊዜ የሚፈጀው ውስጣቸውን መሙላት ነው። ስለዚህ ማውጫውን አውጥታ ዛሬ የግድ የሚያስፈልገውን ሊቆይ ከሚችለው መለየት ጀመረች። አለቃው ከወንበሯ ኋላ ቆመው በስልክ ለአንዱም ለሌላውም «አሁን፣ አሁን» ይላሉ። ሽቦ የሰንጠረዦቹን ስም እያነበበ ይጠይቃታል።

«ታማሚዎች?»

«ይመለስ።»

«ቀጠሮ?»

«ይመለስ።»

«የሠራተኞች ፈቃድ?»

«ይቆይ።»

«የአንሶላና ብርድ ልብስ?»

«ይቆይ።»

«ሟቾች?»

ጣቷ ለአፍታ ቆመ። «ይቆይ» አለች። «ሙታን ምን ያስቸኩላቸዋል?»

አለቃው ሳይቀሩ ሳቁ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያን ቀን ያመለጣት ቀልድ ብቻ አልነበረም። መቸኮሏ እውነት ነው። ግን ይህንን ሰንጠረዥ ሳትቸኩልም ከፍታው አታውቅም። መጠባበቂያውን ስትሞክር ሌሎቹን አንድ በአንድ ታያለች፤ እዚህ ስትደርስ ዓይኗን ሰብራ ታልፋለች። ባሏ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የእጥበት ክፍሉን በር በጓሮ ዞራ እንደምታልፈው ሁሉ ይህንንም ዞረችው፤ ከዚህ የተለየ ተንኮልም ብልሃትም አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። አሮጌው ፋይል ቢሆን ሐኪሞቹ እስከ ነገ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር። አለቃው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «የቀረውን ነገ ትጨርሺዋለሽ፣ ሂጂ ዕረፊ» አሏት። ሽቦም እጁን አነሣ። «ተሸንፌያለሁ» አለ። «እሽግሽ ይኑር።»

ቤት ስትገባ አማቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። «ልጄ አልመጣም?» አሉ። «ሥራ ላይ ነው እማማ፣ ያመሻል።» እራት ቀረበ፣ የእሱም ተከደነ። ዕቃ እያጠበች ሳለ የአማቷ ስልክ ድምፅ ሰጠ። ዘወር ስትል አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን መብራቱ ሥር ይዘውታል፤ እንዲያ ይዘውት ብዙ ቆዩ።

«ማን ነው እማማ?»

«ማስታወቂያ ነው» አሉና ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ እንደ ልማዷ በጓሮው ደረጃ ወጥታ ሥራዋን እንደጀመረች ሽቦ ገባ። ሁልጊዜ በር ላይ ቀልድ ጥሎ የሚገባ ሰው ዛሬ ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ቆመ።

«ምን ሆነሃል?»

«ከታች፣ የእጥበት ክፍል መቆያው ሞልቷል» አለ። «ታማሚ ግን ጥቂት ነው። ሰዎቹ የያዙት የራሳቸውን ቀጠሮ አይደለም። አንዱ ሰውዬ የሚስቱን መልእክት አሳየኝ። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለዎት፣ በሰዓቱ ይገኙ ይላል። የት ናቸው ብዬ እንደ ሞኝ ጠየቅሁት። ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷ ነው አለኝ።»

በዚህ ሆስፒታል አሠራር ሰው ሲሞት ቀጠሮው አይሰረዝም። የእጥበት ቀጠሮ በየሳምንቱ ራሱን እየደገመ የሚሄድ ነው፤ የሚያቆመው የሟቾች ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ማስታወሻ የሚልከው ፕሮግራም በየምሽቱ መጀመሪያ እዚያ ገብቶ ማን እንደሞተ ይጠይቃል፤ ከዚያ ለተረፉት ይልካል። ይህንን ከስሟ እኩል ታውቀዋለች። ትናንት ግን ሰንጠረዡን ባዶ ቅርጹን ትታው ሄደች። አሁን በእጇ ጠየቀችው፤ እዚህ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ዜሮ ብሎ መለሰላት። ሆስፒታሉ ከተከፈተ ጀምሮ ማንም አልሞተም።

«ወዲያው ይስተካከላል» አለች። «መጠባበቂያው ውስጥ አለ። አንድ ትእዛዝ ነው።» ትእዛዙን ጻፈችው። መጫን ብቻ ቀረ። በዚህ መሐል ማታ የጮኸው ስልክ ትዝ አላት።

የዛሬውን የቀጠሮ ሰሌዳ ከፈተች። የባሏ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አለ፤ አልጋው መስኮቱ ጥግ፣ ሁኔታው «በክትትል ላይ»። ለመልእክት የተሰጠው ስልክ የእናቱ ነው። የሰው ቤት ሙት ሲቀሰቀስ ስታይ የራሷ ቤት ትዝ አላላትም ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቤት ደወለች፤ አይነሣም። ደገመች፤ አይነሣም። ሽቦ «ልጫነው?» ሲላት «እንዳትነካው፣ አማቴ ከታች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ስሙ ዓይናቸው ፊት ይጠፋል» ብላው ወጣች። በየትኛው ደረጃ እንደወረደች ያወቀችው የእጥበት ክፍሉ በር ፊት ለፊት ስትደርስ ነው።

መቆያው ረጅም ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የበረኪና ሽታ፣ ግድግዳው ላይ የተራ ስም የሚያሳይ ሰፊ ስክሪን። ጩኸት ይኖራል ብላ ነበር የገባችው። ማንም አይጮኽም። አንድ ሰውዬ ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አጠገቡ ያለውን ወንበር ለሚስቱ በኮፍያው ይዞላታል። አንዲት ወጣት ትራስ አቅፋለች። እነዚህ ሰዎች የቀበሩትን ያውቃሉ፤ ሞኞች አይደሉም። ግን የጠራቸው ሆስፒታል ነው፣ ማን ያውቃል ብለው መጡ። ሰው ሲገባ ሁሉም በአንድነት ወደ በሩ ይዞራሉ፤ ሲያዩትም ዓይናቸውን ይመልሳሉ።

ነርሷ ወረቀት ይዛ መሐል ላይ ቆማለች። ለክፍሉ አዲስ ናት። የመጀመሪያውን ስም ጠርታ «ሞቷል» ሲሏት ደንግጣ ይቅርታ ጠይቃለች። ሁለተኛው ላይም ጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ግን አቁሚ የሚላት ስላጣች መጥራቷን ቀጠለች። ስም ትጠራለች፤ ከወንበሮቹ አንድ ሰው ይነሣል።

«አርፏል።»

«ነፍስ ይማር» ትላለች ነርሷ፤ በእስክሪብቶ ትሰርዛለች፤ ቀጣዩን ትጠራለች።

«የለችም። ቀብረናታል።»

«ነፍስ ይማር።»

አማቷ የፊተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። የእሱን ግራጫ ሹራብ ጭናቸው ላይ አጥፈው ይዘዋል፤ እጥበት ላይ ይበርደው ነበር። ጎተራ አጠገባቸው ተንበረከከች። ያንን ስም ነርሷ ሳትጠራው ይዛቸው መውጣት አለባት።

«እማማ፣ ቀጠሮው ተላልፏል። ኑ፣ ቤት እንሂድ።»

«ተራው ደርሷል እኮ» አሉ፤ ወደ እሷ ሳይዞሩ።

«እሱ ዛሬ አይመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው፣ እኔን ላከኝ። ተነሡ እማማ።»

«ቆዪ ልጄ።»

ክንዳቸውን ያዘች። አሮጊቷ ግን ወንበሩን የሙጥኝ አሉ። ነርሷ ወረቀቷን ገለጠች። የባሏን ስም ከነአባቱ ጠራች።

ጎተራ መነሣት ነበረባት፤ ሚስት ናት። አፏን ከፈተች። ከዚያች ቃል በቀር የሚባል ነገር የለም፤ ቃሏን ደግሞ እኚህ ሴት ፊት ልትላት አትችልም። ነርሷ ስሙን ደገመችው። ሰው ሁሉ ማን ይነሣል ብሎ ዞረ። አማቷ ሹራቡን ወንበሩ ላይ አኖሩና ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር እናቴ።»

«ይማር» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ጩኸት የለም። ጎተራ መሬት ላይ እንደተንበረከከች ቀረች።

«ያውቁ ነበር?»

«ቀብሬው እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ በየማታው…»

«ያን የመጀመሪያ ቀን እውነትም ጠፍቶኝ ነው። እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ግን እያወቅሁ ጠየቅሁሽ። ስለ እሱ የሚያወራኝ ሰው ናፈቀኝ፤ አንቺ እንደሆንሽ እንደ ግድግዳ ዝም ብለሻል። ያመሻል አልሽኝ። ስትዪ ፊትሽ ፈካ አለ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ሆነሽ አላየሁሽም ነበር። እና እንዴት አድርጌ ልተወው?»

«እኔ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው እማማ።»

«እኔም ላንቺ ብዬ ነው።»

ነርሷ ሌላ ስም ጠራች፤ ትራስ ያቀፈችው ወጣት «አባቴ ነው፣ አርፏል» ብላ ተነሣች።

«ካወቁ ለምን መጡ?»

«ስሙ ተጠርቶ ማንም ሳይመልስለት ይቅር?» አሉ አማቷ። ከዚያ ስክሪኑን በአገጫቸው አሳዩዋት። «አሁንም እዚያ ላይ አለ። አንቺ ነሽ የምታወርጂው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ሂጂና አውርጂው። እኔ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።»

ተመልሳ ስትወጣ አለቃው ቢሮዋ ውስጥ ቆመው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። «የፋይሉ ፎርማት ነው አይደል? ዛሬውኑ ወደ ድሮው እንመለስ። ድሮ ሙሉውን ነበር የሚመልሰው።» ሽቦ መስኮቱ ጋ ነው። ብዬ ነበር ለማለት ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም፤ ግን አላለም።

«ፎርማቱ ምንም አላደረገም» አለች ጎተራ። «እሱ ሁሉንም በትክክል ይዞ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።» ወንበሯን ሳበች። «ከእንግዲህ ግን ታማሚዎች ያለ ሟቾች አይመለሱም። ማንም ቢቸኩል፣ እኔም ብሆን፣ ለያይቶ ማውጣት እንዳይችል አድርጌ አስራቸዋለሁ። ይህንን በጽሑፍ አቀርባለሁ።»

አለቃው ኮሚቴ የሚል ቃል ሊጀምሩ ነበር፤ ፊቷን አይተው ተዉት።

ትእዛዙ እንደጻፈችው ስክሪኑ ላይ ይጠብቃል። ስልኳ ጠራ። አማቷ ናቸው። ከፍታ ጆሮዋና ትከሻዋ መካከል ያዘችው።

«ተቀምጫለሁ» አሉ። «በይ።»

ተጫነችው። ሰንጠረዡ መሙላት ጀመረ፤ ከጥንቶቹ ተነሥቶ ወደ ቅርቦቹ፣ ስም በስም ላይ። በስልኩ ውስጥ የመቆያው ድምፅ ይሰማታል፤ ወንበር ሲንቋቋ፣ የሆነ ሰው ሲያስል።

«ከላይ ያሉት እየወረዱ ነው» አሉ አማቷ። «የሰውዬው ሚስት ሄደች። ኮፍያውን አነሣ።» ትንሽ ቆዩ። «የልጅቷም አባት ሄደ። የእኛ ገና ነው።»

ሽቦ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል።

«አሁን ሄደ» አሉ አማቷ።

አለቃው ቀስ ብለው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

«ሄደ፣ እማማ» አለች፤ ሁለቱም በያሉበት ሆነው ስልኩን ሳይዘጉ አለቀሱ።